«አስቀምጥልኝ» ለምን ቀረ? በቦታውስ ምን እናድርግ?

(በባምባሲ የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ስለ አንድ የቆየ የግብይት ልማድ ነው። ይኸውም ዕቃውን በነጋዴው ሱቅ አስቀምጦ፣ ገንዘቡን በትንሽ በትንሹ ከፍሎ፣ የመጨረሻዋ ብር ስትገባ ዕቃውን ወደ ቤት መውሰድ ነው። እኛ «አስቀምጥልኝ» ብለን እንጠራዋለን። ቀብድ ይሰጣል፣ ስም በደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ዕቃው ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ሱቁ ጓዳ ይገባል። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ከተሸጠው በቆሎ፣ ከማሽላው ወይም ከማንጎው ገንዘብ ላይ ጥቂት እየተነሣ ለነጋዴው ይሰጣል። ብርድ ልብሱም፣ ፍራሹም፣ የልጆች ዩኒፎርምም፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮም በዚህ መንገድ የተገዛበት ቤት በመካከላችን ጥቂት አይደለም።

ይህ ልማድ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት ባይቻልም እየተመናመነ መሄዱን ሁላችንም እናየዋለን። ዛሬ ወደ ሱቅ ገብቶ «አስቀምጥልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ገንዘቡ ሲሞላ ና፣ ያኔ በዕለቱ ዋጋ እንነጋገራለን» የሚል ነው። ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገዢውም አልሰነፈም። ታዲያ ነገሩ ምንድን ነው? ይህንን ሳንነጋገርበት ብንቀር የሚጎዳው ኪሳችን ብቻ ሳይሆን ጉርብትናችንም ጭምር ስለሆነ ነው አጀንዳው ሊያዝ የቻለው።

ለምን እንዲህ እንላለን? ለሽምግልና ከመጡልን ጉዳዮች አንዱን የማንንም ስም ሳንጠራ እንጥቀስ። አንድ ቤተሰብ የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ቀብድ ሰጥቶ ለብዙ ወራት ሲከፍል ቆየ። ከፍሎ ሲጨርስ ነጋዴው «ዋጋው ጨምሯል፣ ልዩነቱን አምጡ» አለ። ቤተሰቡ «እኛ የምናውቀው በመጀመሪያው ቀን የተነጋገርነውን ዋጋ ነው» አለ። ነጋዴው ደግሞ «ያኔ የነገርኳችሁ የዚያን ቀን ዋጋ ነው፤ እስከ ዛሬ ይጠብቃል አላልኩም» ብሎ መለሰ። ወረቀት የለም። ምስክር የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ ሲያዳምጡ የተረዱት ነገር ቢኖር ሁለቱም የሚናገሩት እውነት መሆኑን ነበር። በመጨረሻም ልዩነቱን እኩል ተካፍለው ታረቁ። ነገር ግን ያ ቤተሰብ ዛሬ በዚያ ሱቅ በር ሲያልፍ ሰላምታው እንደ ቀድሞው አይደለም። እንግዲህ እኛን ያሳሰበን ይሄ ነው። ሁለት እውነተኞች ሊጣሉ የቻሉት ልማዱ የቆመበት መሠረት ስለተናደ ነው።

መሠረቱ ምን እንደነበር ለማየት በመጀመሪያ ልማዱ የሰጠንን ጥቅም እናንሣ።

አንደኛ፣ ዕዳ አልነበረበትም። ዱቤና «አስቀምጥልኝ» ለጆሮ ይቀራረባሉ እንጂ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። በዱቤ ዕቃው ይቀድማል፣ ገንዘቡ ይከተላል፤ ገዢው ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ባለዕዳ ነው። በ«አስቀምጥልኝ» ግን ገንዘቡ ይቀድማል፣ ዕቃው ይከተላል፤ ገዢው አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍበት በር የለም። በአንድ ወር ባይሞላለት በሚቀጥለው ወር ይከፍላል። ማንም ሌሊት በሩን አያንኳኳም።

ሁለተኛ፣ ወለድ አልነበረበትም። በሰፈራችን ወለድ መክፈልንም ሆነ መቀበልን እምነታቸው የማይፈቅድላቸው ብዙ ጎረቤቶች አሉ። ለእነሱ ይህ ልማድ ከህሊና ጋር ሳይጣሉ ትልቅ ዕቃ የመግዣ መንገድ ነበር። ለሌሎቻችንም ቢሆን የተጨመረብን ዋጋ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን ከራሳችን ይጠብቅልን ነበር። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ባለቤቱ ብዙ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ መድኃኒት ይታዘዛል። ነጋዴው ደብተር ላይ የሰፈረ ብር ግን ዓላማ ያለው ብር ነው።

አራተኛና ዋነኛው፣ ከአዝመራችን ጋር የሚሄድ መሆኑ ነው። በእኛ አገር ገንዘብ የሚገኘው እህል ሲሰበሰብ ነው። ትልቁ ወጪ ግን ሌላ ጊዜ ይመጣል። የልጆች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ የሚፈለገው በመስከረም ነው፤ ጎተራው በሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ «አስቀምጥልኝ» የጥርን ገንዘብ ለመስከረም የሚያሻግር ድልድይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለነጋዴውም ጥቅም ነበረው። ዕቃው በእርግጥ እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ክረምት እንኳ ጥቂት ገንዘብ ይገባለታል። ይህ ሲባል ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሱቁ ቢዘጋ፣ ዕቃው ጓዳ ውስጥ አይጥ ቢበላው ወይም ዝናብ ቢያገኘው ኪሣራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ሳይመለስ ይታለፍ ነበር። ሰው ሰውን ስለሚያምን ብቻ ነበር የሚታለፈው።

ልማዱም የእኛ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ፣ ሥራ ያጣው ሕዝብ ካፖርትም ሆነ የልጆች መጫወቻ የሚገዛው በዚሁ መንገድ ነበር። ኋላ የባንክ የብድር ካርድ በየሰዉ ኪስ ሲገባ ልማዱ እየደከመ ሄደ። ዋልማርት የሚባለው ትልቁ የችርቻሮ ድርጅት በ2006 አቆመው። በ2011 ለበዓል ሰሞን እንደገና ጀመረው፤ በ2021 ግን ተወውና በቦታው «አሁን ውሰድ፣ ቆይተህ ክፈል» የሚል የብድር አሠራር አስገባ። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ይቀድም የነበረበት ቦታ ላይ ዕዳው ቀደመ።

በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካ ልማዱ እንዳይጠፋ በሕግ ደግፋዋለች። በ2008 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕጓ ስለዚህ ዓይነቱ ግዢ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ዕቃው ለገዢው እስኪሰጥ ድረስ ኃላፊነቱ የነጋዴው ነው ይላል። ነጋዴው በራሱ ጥፋት ዕቃውን ማስረከብ ቢያቅተው ገዢው የተቀበለውን ገንዘብ ዕጥፍ እንዲመልስለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህንን የምንጠቅሰው የኛው ሕግም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቃል ስላለው ነው፤ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን፣ በተለይም በእኛ ከተማ፣ «አስቀምጥልኝ» ለምን ደከመ? ምክንያቶቹ አራት ናቸው ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያውና ትልቁ ምክንያት ዋጋ መጠበቅ ማቆሙ ነው። አረጋውያኖቻችን እንደሚያስታውሱት ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሣንቲም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። በዚያ ዘመን ችግር አልነበረም አንልም፤ ዕቃ ራሱ ይጠፋ ነበር፣ በየቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ነበር። የውጭ ዕቃ ዋጋ ግን ዛሬ እንደምናየው በየወሩ አይዘልም ነበር። በ1985 ዓ.ም ምንዛሪው ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ሲወጣ ቆይቶ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ብር በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ ተቀነሰ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ይህ ከፍራሽና ከቆርቆሮ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ አንድ ስሌት እናድርግ። አንድ ዕቃ 6,000 ብር ነው እንበል። በየወሩ 500 ብር ብንከፍል በ12 ወር እንጨርሳለን። በዚያ ዓመት ውስጥ ዋጋው በ30 በመቶ ቢጨምር ዕቃው 7,800 ብር ይሆናል። ነጋዴው የተቆረጠውን 6,000 ብር ተቀብሎ ዕቃውን ቢሰጠን ያንኑ ዕቃ ለመተካት ከኪሱ 1,800 ብር መጨመር አለበት። እኛ ልዩነቱን እንክፈል ብንል ደግሞ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገናል፤ በእነዚያ ወራት ዋጋው እንደገና ይሄዳል። እኛ በእግር፣ ዋጋው በመኪና። ከሁለት አንዱ ሳይጎዳ የሚያልቅ አይደለም።

ይህ በትንሽ ዕቃ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበው ሕዝብ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ነው። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉት መርሐ ግብሮች ቤት ፈላጊው አስቀድሞ በባንክ ይቆጥባል፣ ቤቱን በኋላ ይረከባል። ነገሩ ሲታይ ትልቅ «አስቀምጥልኝ» ነው። ብዙው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቀ። ቤቱ ሲተላለፍም የካሬ ሜትሩ ዋጋ በምዝገባው ጊዜ ከተነገረው በልጦ ተገኘ። መንግሥት ራሱ ዋጋን አቁሞ ማቆየት ካቃተው የሰፈራችን ባለሱቅ እንዴት ይቻለዋል?

ሁለተኛው ምክንያት መንገድ ነው። ባምባሲ ከአሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ነው የሚደርሰን። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር በተለያየ ጊዜ ሲቋረጥ ኖሯል። የሚቀጥለው የጭነት መኪና መቼ እንደሚገባና በምን ዋጋ እንደሚገባ የማያውቅ ነጋዴ በእጁ ያለውን አንድ ዕቃ ለስድስት ወር ጓዳ ውስጥ አስቀምጥ ቢባል እሺ አይልም። በእጁ ያለው ዕቃ ለእሱ ከገንዘብ ይበልጣልና።

ሦስተኛው ምክንያት የመተዋወቅ መቀነስ ነው። ከተማችን ሰፍታለች። በ2004 ዓ.ም የስደተኞች መጠለያ ከተከፈተ ወዲህም ገዢውም ሻጩም በዝቷል፤ ይህ ለገበያችን በጎ ነገር ነው። ሆኖም ሱቅ ዛሬ ተከራይቶ ነገ የሚለቅ ነጋዴም መጥቷል። ቀድሞ ደብተሩን የሚያስከብረው ሕግ ሳይሆን ነገ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ቤት መገናኘታችን ነበር። የማንገናኝ ከሆነ ደብተር ብቻውን ምን ያደርጋል?

አራተኛው ምክንያት በእጃችን የያዝነው ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶች፣ «ሳንዱቅ» ከተባለው የቁጠባ አገልግሎት ጋር ተጀመሩ። ስልክ ነክቶ ወዲያው ገንዘብ ማግኘት ሲቻል ስድስት ወር የሚጠብቅ ማን ነው? እኛ ይህን አገልግሎት አንነቅፍም። ሌሊት የታመመ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት ለሚሮጥ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የሚያሳስበን ለዩኒፎርምና ለበዓል ልብስ ሲሆን ነው። ክፍያው የአገልግሎት ዋጋ አለው፣ ቀኑም አጭር ነው፤ የእኛ ገንዘብ ግን ቀን ቆጥሮ ሳይሆን ዝናብ ቆጥሮ ነው የሚመጣው። በነሐሴ የተወሰደ ብድር በጥር የሚሰበሰብ እህል አይጠብቀውም። ያንን ለመክፈል ሌላ ዱቤ፣ ዱቤውን ለመክፈል ደሞ ፍየል መሸጥ ይከተላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንዱ ሰው በራሱ ብልሃት መልስ አግኝቷል። ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ገንዘብ ከማጠራቀም ይልቅ በተገኘው ገንዘብ በየጊዜው ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ቆርቆሮ እየገዛ ቤቱ ያስቀምጣል። ይህም «አስቀምጥልኝ» ነው፤ የተለወጠው ጓዳው ብቻ ነው፣ የነጋዴው መሆኑ ቀርቶ የራሳችን ሆነ። ይህ ሰው ያወቀው ነገር ትልቅ ነገር ነው። በብር ሳይሆን በዕቃ መቁጠር አለብን ማለቱ ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ ይከፋፈላል እንጂ የስፌት መኪና አይከፋፈልም። ሩቡን መኪና ዛሬ፣ ሩቡን ነገ ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም።

አይቻልም ወይ? በወረቀት ላይ ግን ይቻላል። ኮሚቴያችን የሚያቀርበው የመጀመሪያው ሐሳብ ይሄው ነው። ገዢው በከፈለ ቁጥር የሚመዘገበው የብሩ ልክ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ዋጋ ከዕቃው ስንተኛውን ክፍል እንደገዛ ይሁን። ለምሳሌ ዕቃው ዛሬ 6,000 ብር ነው፤ 1,500 ብር ከፈልን፤ ሩቡ የእኛ ሆነ። ቆይተን ስንመጣ 6,400 ሆኗል፤ 1,600 ከፈልን፤ ግማሹ የእኛ ሆነ። ቀጥሎ 7,200 ቢሆን 1,800 እንከፍላለን። በመጨረሻ 8,000 ቢደርስ የቀረችውን ሩብ በ2,000 እንገዛለን። ጠቅላላ የከፈልነው 6,900 ብር ነው። ገዢው «የከፈልኩት ገንዘብ ዋጋ አጣ» አይልም፤ ቀድሞ የገዛው ሩብ ሩብ ሆኖ ይቀራልና። ነጋዴውም «ከሰርኩ» አይልም፤ በየጊዜው የተቀበለው ገንዘብ በዚያ ቀን ዋጋ ሩብ ዕቃ ይተካለታልና። ያ በሽምግልና የተካፈሉት ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስሌት ቢካፈል ኖሮ ሽማግሌ ባላስፈለገ ነበር።

ሁለተኛው ሐሳባችን የእቁብን ጉዳይ ይመለከታል። እቁብ ስንቀበልም ስንሰጥም የምናውቀው የራሳችን ባንክ ነው። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ግን በብር የሚቆጠር እቁብ የመጀመሪያውን ባለዕጣ ይጠቅማል፣ የመጨረሻውን ይጎዳል። የመጀመሪያው ሃያ ቆርቆሮ በገዛበት ገንዘብ የመጨረሻው አሥራ አምስት ብቻ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ቤት ለማደስ የሚያስቡ ሃያ ቤተሰቦች ቢሰባሰቡ፣ በየዙሩ እያንዳንዱ የአንድ ቆርቆሮ የዕለቱን ዋጋ ቢያወጣ፣ ባለዕጣው ሁልጊዜ ሃያ ቆርቆሮ ያገኛል። ብሩ ከፍም ይበል ዝቅም ይበል ቆርቆሮው ሃያ ነው። ለዩኒፎርም ጨርቅም፣ ለብርድ ልብስም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ላይ ስለሚገዛም ነጋዴው ዋጋ እንዲቀንስ ለመጠየቅ አፍ ይሰጠናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ።

ሦስተኛው ሐሳብ ወረቀት ነው። ስለ ቀብድ አገራችን ከቆየች ሕግ አላት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ይለቃል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ «ቀብድህን ውሰድና ሂድ» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። ግን ልብ እንበል፤ የመጀመሪያው ቀን የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ቢሆንም ቀጥሎ በየጊዜው የሚሰጠው የዋጋው ከፊል ክፍያ ሊሆን ይችላል። የትኛው ቀብድ፣ የትኛው ክፍያ እንደሆነ ተለይቶ ካልተጻፈ ክርክር ያመጣል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ እንዲያሳይና ለገዢ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አለመተማመንም አይደለም።

በመሆኑም ከእንግዲህ በሰፈራችን ዕቃ አስቀምጦ የሚገዛ ሰው ከነጋዴው ጋር በሁለት ቅጂ አንዲት ወረቀት እንዲይዝ እናሳስባለን። በወረቀቷ ላይ የሚከተሉት ይስፈሩ፦

1ኛ/ የዕቃው ዓይነት፣ ስሪቱና መለያ ቁጥሩ፤

2ኛ/ ዋጋው የተቆረጠ ነው ወይስ ከላይ እንዳልነው በየክፍያው ቀን ዋጋ በክፍልፋይ የሚቆጠር፤

3ኛ/ የመጀመሪያው ቀብድ ልክ፣ ቀጥሎ የሚከፈለውም በምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፤

4ኛ/ ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን። ዋጋው የተቆረጠ ከሆነ ከሦስት ወር ባይበልጥ ለሁለቱም ወገን ይሻላል፤

5ኛ/ ገዢው ሕመም ወይም ሐዘን ደርሶበት ቢያቋርጥ ምን ያህሉ እንደሚመለስለት፤

6ኛ/ ዕቃው ጓዳ ውስጥ እያለ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፤

7ኛ/ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።

መጻፍ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች በትምህርት ላይ ያሉ ልጆቻችን እንዲጽፉላቸው፣ ወረቀቷንም ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው እንጠይቃለን።

ነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ስብሰባ መካከል ተቀምጣችኋል። ይህ ሐሳብ እናንተን ለመክሰስ የቀረበ አይደለም። ዱቤ ሰጥታችሁ ያልተመለሰላችሁ ገንዘብ እንዳለም እናውቃለን። ደብተራችሁ በሰው ስም ሞልቶ መደርደሪያችሁ ባዶ የሆነበት ጊዜ ነበር። አስቀድሞ የሚከፍል ገዢ ለናንተም ከባለዱቤ ይሻላችኋል። የምንጠይቃችሁ ዋጋ አቁሙልን ብለን አይደለም፤ ዋጋው ሲሄድ ጉዳቱን በአንድ ወገን ጀርባ ላይ አንጫነው ብለን ነው።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። «ይህ የድሮ ሰው ነገር ነው» እንዳትሉ። የድሮ የሆነው ቋሚ ዋጋ ነው፤ እሱ ሄዷል፣ ተመልሶ ይመጣል ብለን ቃል አንገባላችሁም። አስቀድሞ አስቦ መግዛት ግን አላረጀም። ስልካችሁ ብድር ብቻ ሳይሆን ቁጠባም አለው፤ ሁለቱም በአንድ ጣት ነው የሚነኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ዕንቁላሉ ተሰርቆ ከሌላ ቤት ይምጣ አላሉም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ከላይ የተዘረዘሩት ሦስት ሐሳቦች፣ ማለትም በክፍልፋይ መግዛት፣ በዕቃ የሚቆጠር እቁብ እና ባለሁለት ቅጂ ወረቀት፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ለውሳኔ ይቀርባሉ። የቆርቆሮ ወይም የዩኒፎርም እቁብ ለመጀመር የሚፈልጉ አባላት ከዚያ በፊት ስማቸውን ለኮሚቴው ጸሐፊ እንዲያስመዘግቡ እናሳስባለን። የዩኒፎርሙ እቁብ ለመስከረም እንዲደርስ ከተፈለገ መጀመር ያለበት እህል ሲሸጥ ነው፤ ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲራቆት አይደለም። ተቃውሞ ያለውም ሰው ይምጣ፣ ይናገር። የተሻለ ስሌት ያለው ሰው ካለ እሱንም እንሰማለን።



የማኅበሩ ኮሚቴ
ባምባሲ